የተውሶ ምስክርነት

ዌንፎርድ፣ በሰባተኛው ወር በአሥራ አንደኛው ቀን፣ በጌታ ዓመት 1651

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። ዘጠኝ ሳምንት ባሕር ላይ ከርመሽ መሬት ስትረግጪ እግርሽ እሺ አለሽ? እኔ በመጣሁ ጊዜ ሁለት ሳምንት ሙሉ ቤቱ ከነምሰሶው ሲወዛወዝብኝ ነበር። ባሌ ዖቤድ ግድግዳ ተደግፌ ስሄድ ሲያየኝ "ያዢው ያዢው፣ እንዳያመልጥሽ!" እያለ ይስቅብኝ ነበር። ሳልሽስ ለቀቀሽ? ቦስተን ያረፍሽበት የባለቤትሽ ዘመድ ቤት ይመችሻል? የባለቤትሽን ነፍስ ይማር፤ መርከቡን ሳያይ መቅረቱ እስካሁን ያንገበግበኛል።

እኛ እግዚአብሔር ይመስገን በሕይወት አለን። ልጄ ኤልናታን ሁለት ዓመቱን አልፎ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ መክተቱን አላቆመም። በቆሎው ዘንድሮ ደኅና ነው፤ ዱባው እግር ማስቀመጫ አሳጥቶናል። ዖቤድ በአንቺ መምጣት ተደስቶ አልጋሽን ራሱ እየጠረበልሽ ነው። ሲደሰት አይናገርም፣ ይጠርባል።

ደብዳቤሽ ቅዳሜ ደረሰኝ። ፀሐይ ከጠለቀች ሰንበት ገባ ማለት ስለሆነ ቶሎ ቶሎ አነበብኩት። የመጀመሪያውን ገጽ እያነበብኩ ከደስታዬ ብዛት ላሟን ሳላልብ ልረሳት ነበር። ሁለተኛውን ገጽ ሳነብ ግን ላሟን እውነትም ረሳኋት። አመዳዩ ሳይጥል እንደምትመጪና ከእኛ ጋር እንደምትኖሪ ጽፈሽ፣ በቤተ ክርስቲያናችን ጉባኤ ፊት ቆመሽ ስለምትሰጪው ምስክርነት ደግሞ፣ "ምንም አልፈራም፤ ያንን የአንሶላውን ቀን እነግራቸዋለሁ" ብለሻል። እትዬ፣ እኔ እዚያች መስመር ላይ ቆሜ ቀረሁ። ይህን መልስ አራት ጊዜ ጀምሬ አራት ጊዜ ቀድጄዋለሁ፤ ወረቀት እዚህ እንደ ልብ እንደማይገኝ ስታውቂ ጭንቀቴ ይገባሻል።

እንግዲህ ከመጀመሪያው ልንገርሽ፤ ሲምታታብኝ ታገሽኝ።

እዚህ ነገሩ እንደ አገራችን አይደለም። እዚያ በደብሩ ወሰን ውስጥ የተወለደ ሁሉ የቤተ ክርስቲያኑ ሰው ነው፤ ሰካራሙም፣ ሌባውም፣ እኛም። እዚህ ሰንበት ሰንበት ሁሉም ሰው መጥቶ ስብከት ይሰማል፣ የቀረም "የት ነበርክ?" ይባላል። አባል የሚሆነው ግን ጸጋ እንዴት እንዳገኘው በጉባኤ ፊት ቆሞ የተናገረና የታመነ ብቻ ነው። አባል ያልሆነ ከጌታ እራት አይቀርብም፤ ከአባትና ከእናቱ አንዳቸውም አባል ያልሆኑለት ልጅም አይጠመቅም። ጳጳስ የለብንም ብለን እንኮራለን። እውነትም የለብንም፤ በአንድ ጳጳስ ፈንታ ግን እጅ የሚያወጡ አርባ ሁለት ወንድሞች አሉብን። መጋቢያችንን የመረጡት እነሱ ናቸው፤ የሚገባውንም የሚወጣውንም የሚወስኑት እነሱ ናቸው። እኛ ሴቶቹ አባል ብንሆንም እጅ አናወጣም። እቤት ስንገባ ግን እጁ ለምን እንደወጣ አጥብቀን እንጠይቃለን።

ዖቤድ አባል አይደለም። ሽማግሌዎቹ ጠርተው ስለ ነፍሱ ሲጠይቁት ምን ቢላቸው ጥሩ ነው? "ላሜ ስትታመም አውቃለሁ፤ ነፍሴን ግን ጆሮዋን ይዤ አላያት!" ብሏቸው ወጣ። እኔ በኀፍረት መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ከዚያ ወዲህ ማንም አልጠራውም፤ እሱም አልሄደም። አንዳንዴ ብቻ ሆድ ሲብሰው፣ "የመሰብሰቢያውን ጣሪያ የከደንኩት እኔ፣ ከጣሪያው ሥር እጄን የማላወጣውም እኔ" ይላል።

የመጀመሪያ ልጄን፣ የአሞጽን ነገር ታውቂያለሽ። በአራት ወሩ ነው የሞተው። እንዳልተጠመቀ ግን አልጻፍኩልሽም ነበር። መጋቢያችን ኤሊፋሌት ደግ ሰው ነው፤ ከቀብሩ በኋላ እቤት መጥቶ፣ "እህቴ፣ ውሃው እኮ አያድንም። የሚያድነው የእግዚአብሔር ምርጫ ነው፤ እሱ ደግሞ ከእኛ የተሰወረ ነው" አለኝ። ሊያጽናናኝ ብሎ ነው። እኔ ግን ውሃው የማያድን ከሆነ ለምን ይከለከላል? የሚያድን ከሆነስ ለምን ይከለከላል? ሁለቱንም ጮክ ብዬ አልጠየቅኩም። ገንፎ አቀረብኩለት፣ በልቶ ሄደ።

ኤልናታንን ሳረግዝ ግን ወሰንኩ። ወደ ሽማግሌ ቤርዜሊ ሄድኩ፤ ምስክርነት ጉባኤ ፊት ከመቅረቡ በፊት የሚመረምረው እሱ ነው። እውነቱን ነገርኩት። "አባቴ፣ እኔ ቀን የለኝም። ከሕፃንነቴ ጀምሮ እግዚአብሔርን ያልወደድኩበትን ጊዜ አላስታውስም" አልኩት። ደስ የሚለው መስሎኝ ነበር። አንገቱን ነቀነቀና፣ "ልጄ፣ ይሄ ጥሩ አስተዳደግ ነው እንጂ ጸጋ አይደለም። መጥፋትሽን ያወቅሽው መቼ ነው? የተገኘሽውስ መቼ ነው? ቀኑን ካገኘሽው ተመልሰሽ ነዪ" አለኝ። ሦስት ጊዜ ሄድኩ፣ ሦስት ጊዜ መለሰኝ። በሦስተኛው ሆዴ ገፍቶ በበሩ በጎን ነበር የምገባው። እቤቴ ገብቼ ቀኑን ፈለግኩት፤ እንደጠፋ መርፌ በዳበሳ ፈለግኩት። ሳላገኘው ልጁ ተወለደ። በሦስተኛው ሳምንት ደግሞ ትኩሳት ያዘው።

ያኔ እንደገና ሄጄ "አገኘሁት፤ ጉባኤው ፊት እናገረዋለሁ" አልኩ። ሽማግሌው የሕፃኑን መታመም ያውቅ ስለነበር ብዙም አልመረመረኝ፤ አዘነልኝ መሰለኝ። እትዬ ሙቺ፣ ስነሣ ምን እንደምናገር አላውቅም ነበር! ሰንበት ከሰዓት በኋላ ነው። ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ በአንድ ወገን፣ ዖቤድ በሩ አጠገብ አባል ካልሆኑት ጋር፣ ኤልናታን እቅፌ ውስጥ እንደ ምድጃ ድንጋይ እየጋለ። መጋቢው፣ "እህታችን፣ ጌታ ያገኘሽን ቀን ንገሪን" አለኝ። አፌን ስከፍት የወጣው ቃል "ልብስ ያሰጣሁ ቀን ነበር" የሚል ሆነ።

ቀሪውን ታውቂዋለሽ። ከስድስት ዓመት በፊት የጻፍሽልኝ አንቺ ነሽ። ከወፍጮው በታች ካለው መስክ ላይ አንሶላ እንዳሰጣሁ፣ ነፋስ እንደወሰደብኝ፣ እሮጣለሁ ስል ቦይ ውስጥ እንደወደቅኩ፣ እስከ ወገቤ ረጥቤ እዚያው እንደተቀመጥኩ ተናገርኩ። ከልጅነቴ የማውቀው "በውኃ ውስጥ ባለፍህ ጊዜ ከአንተ ጋር እሆናለሁ" የሚለው የነቢዩ ቃል ያን ቀን ለእኔ ብቻ እንደተጻፈ ሆኖ እንደተሰማኝ፣ ስቄም አልቅሼም እንደነበር ተናገርኩ። እንደጻፍሽው ነው፣ አንድም ነገር አልጨመርኩ። ከአንድ ነገር በቀር አልቀነስኩም፤ ጭንሽ ላይ ዘላ የወጣችውን እንቁራሪት በሰንበት በጉባኤ ፊት ማንሳት አሳፈረኝና ተውኳት።

ግራ የሚያጋባኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። እየተናገርኩ አለቀስኩ። የማስመሰል እንዳይመስልሽ፤ ከልቤ ነው ያለቀስኩት። የውሃው ቅዝቃዜ እግሬ ላይ ተሰማኝ። እንደዚያ ቀን እግዚአብሔር ቀርቦኝ አያውቅም፤ የቀረበኝ ግን እየዋሸሁ ሳለሁ ነው! ታዲያ ያ ምንድን ነው? ጸጋ ውሸት ላይ ይወርዳል? ወይስ ሰይጣን ነው ያስለቀሰኝ? ሽማግሌ ቤርዜሊ ደግሞ ተነሥቶ፣ "ከዚያ ወዲህ ጥርጣሬ አላገኘሽም?" ሲለኝ፣ ያኔ የራሴን ነገርኩት። የተመረጥኩ ይሁን ያልተመረጥኩ እንደማላውቅ፣ ስጸልይ ጣሪያው የሚመልስብኝ እንደሚመስለኝ፣ የአሞጽን መቃብር ባየሁ ቁጥር ከእግዚአብሔር ጋር እንደምጣላ ነገርኩት። ይሄ ሁሉ እውነት ነው። ሽማግሌው ዓይኑን ጠረገ። አርባ ሁለቱም እጃቸውን አወጡ። እንግዲህ የተቀበሉኝ በአንቺ ቦይ ይሁን በእኔ ጥርጣሬ አላውቅም፤ ብጠይቃቸው ደግሞ ያስወጡኛል።

የጉባኤው ቃል ኪዳን ተነበበልኝ፣ እሺ አልኩ። በሚቀጥለው ሰንበት ኤልናታን ተጠመቀ። በዚያው ሳምንት ትኩሳቱ ለቀቀው። መጋቢው ሁለቱን ነገር እንዳላያይዘው አስጠነቀቀኝ። አላያያዝኩትም፤ ዝም ብዬ ግን አስበዋለሁ።

ዖቤድን ግን ያን ቀን ማታለል አልቻልኩም። ደብዳቤዎችሽን ምድጃ ዳር ጮክ ብሎ የሚያነብልን እሱ መሆኑን የማታውቂ ከሆነ እወቂው። እቤት ስንደርስ መጥረቢያውን አነሣ፣ አየው፣ መልሶ አስቀመጠውና፣ "ጥሩ አድርገሽ ነው የተናገርሽው። እህትሽም ጥሩ አድርጋ ነው የጻፈችው" አለኝ። ከዚያ ወዲያ አንሥቶት አያውቅም። አባል ስላልሆነ የመናገር ግዴታ የለበትም ብዬ ተጽናናሁ፤ ምን ዓይነት መጽናናት እንደሆነ አንቺ ፍረጂ።

ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት ሞላው። ሁለት ዓመት ሙሉ ከጌታ ማዕድ ስቆርስ ቀና ብዬ አላይም፤ ሴቶቹ ትሕትና ይመስላቸዋል። ብያዝ ምን እንደሚመጣብኝ አውቃለሁ። ባለፈው ክረምት አንዲት እህት በጎረቤቷ ላይ በተናገረችው አንድ የሐሰት ቃል ወንድሞች እጅ አውጥተውባት ተለየች። አሁን በሩ አጠገብ ነው የምትቀመጠው፤ አብሯት የሚበላ የለም፣ ዳቦ ስትጋግር የሚሸተው ጎረቤት እንኳ ፊቱን ያዞራል። የእሷ የጎረቤት ነገር ነው። የእኔ በእግዚአብሔርና በሙሉ ጉባኤው ፊት የተነገረ ነው።

እዚህ ላይ ዝም ብል ደስ ባለኝ፤ ነገር ግን አንድ ያልፈታሁት ነገር አለ። ወይዘሮ ደማሪስን ታስታውሻት እንደሆነ አላውቅም። የድሮው ሰፈራችን ሰው ናት፤ እኔ ሳልወለድ አግብታ ሌላ ቀበሌ ሄዳ ነበር፣ ከእናታችን ጋር በልጅነታቸው አብረው አድገዋል። ኤልናታንን ያዋለደችልኝ እሷ ናት። የመሰከርኩ ዕለት ከመሰብሰቢያው ስንወጣ እጄን ለቀም አድርጋ ይዛ፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ፣ "ልጄ፣ እናትሽን ሰማኋት! ድምፅሽ እንኳ የእሷ ነው። ግን እንቁራሪቷን ለምን ተውሻት?" አለችኝ።

አፌን በእጄ ያዝኩ። ስለ እንቁራሪት ለማንም አልተናገርኩም፤ በአንቺ ደብዳቤ ውስጥ ብቻ ነው ያለችው። "የምን እንቁራሪት?" አልኳት። "ጭኗ ላይ የወጣችው ናታ! ሁለታችንም አሥራ ስድስት ዓመታችን ነበር። ያንኑ ቀን እርጥብ ቀሚሷን ለብሳ እቤታችን ድረስ እየሮጠች መጥታ ነገረችኝ። ከአንሶላው ይልቅ በእንቁራሪቷ ነው የሳቅነው። አንቺም እንደ እናትሽ እዚያው ቦይ ውስጥ መውደቅሽ፣ አይ የእግዚአብሔር ሥራ!" አለችኝና እየሳቀች፣ እያለቀሰች ሄደች። አሮጊት ናት፤ ለሌላ ሰው ብትነግርም ሰው ትዝታ ተምታቶባት ነው ይላል። እኔ ግን አልተምታታባትም ባይ ነኝ።

እናታችን ለእኔ ስለ ነፍሷ አንድም ቀን አጫውታኝ አታውቅም። እኔ ታናሿ ነኝ፤ ለእኔ የምትነግረኝ "እግርሽን ታጠቢ" ብቻ ነበር። በመጨረሻ ሕመሟ ያስታመምሻት አንቺ ነሽ፤ ደብዳቤሽም የተጻፈው በሞተች በዓመቱ ነው። በአንድ ቦይ ውስጥ እናትም ልጅም ሊወድቁ ይችላሉ፤ ወፍጮው ያው ነው፣ ነፋሱም ያው ነው፣ እንቁራሪትም አትጠፋም። ስለዚህ ምንም እያልኩሽ አይደለም። ግራ የገባው ሰው ያየውን ሁሉ ያገጣጥማል፤ እንደዚያ ቁጠሪልኝ።

ሆኖም አንቺ መጥተሽ ያንኑ ቀን ብትናገሪ፣ መጋቢ ኤሊፋሌት የእያንዳንዳችንን ምስክርነት የሚጽፍበት መዝገብ እንዳለው እወቂ። ሽማግሌ ቤርዜሊም ሰማንያ ዓመቱ ነው እንጂ የሰማውን አይረሳም። አንዳችን ሌባ እንሆናለን፤ ሌባዋ ደግሞ እኔ ነኝ። መጀመሪያ ልለምንሽ ነበር፣ ሌላ ቀን ተናገሪ ልልሽ። አራቱ የቀደድኳቸው ወረቀቶች ይህንን ነው የሚሉት። አምስተኛው ላይ ስደርስ ግን እንዲህ ብዬ አሰብኩ፦ እህቴን ከባሕር ማዶ አስመጥቼ፣ በደጃፌ ላይ እኔ የዋሸሁትን ውሸት እንድትዋሽ ላደርጋት ነው? በራሴ የደረሰውን አውቀዋለሁ እኮ! ማዕዱ ፊት ቀርቦ እንደ ሌባ መቁረስን ለጠላቴም አልመኝም።

ስለዚህ በሚመጣው ሐሙስ፣ ከሳምንቱ ስብከት በኋላ፣ መጋቢው ዘንድ ሄጄ እናገራለሁ። የተናገርኳት ቀን የእኔ አይደለችም እላለሁ። የማን ናት ካሉኝ፣ የእናቴ ናት፣ እሷም ሞታለች እላለሁ። እኔ የራሴ ቀን የለኝም፤ ያለኝ መጀመሪያ ለሽማግሌው የነገርኩት ብቻ ነው፤ ያንን ከጠላችሁት ሌላ የለኝም እላለሁ። የተጠመቀ ልጅ ጥምቀቱ እንደማይሻር መጋቢው ራሱ ሲያስተምር ሰምቻለሁ፤ ኤልናታን ተርፏል። ለዖቤድ ትናንት ነገርኩት። አልጋሽን መጥረቡን ሳያቆም፣ "በሩ አጠገብ እኮ ነፋስ ይገባል፤ ቦታ አስፍቼ አግዳሚ እሠራልሻለሁ" አለኝ። ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ።

አሁን የምለምንሽ አንድ ነገር ብቻ ነው። ያቺ ቀን በእውነት የአንቺ ከሆነች፣ ቦይ ውስጥ የተቀመጥሽው አንቺው ከሆንሽ፣ ከሐሙስ በፊት በአንዲት መስመር ጻፊልኝ። እናታችንን አላነሣም፤ ከሕያው ሰው ሰረቅኩ ብዬ ቀኑን ለባለቤቱ እመልሳለሁ። እንዲያ ካልሆነ ግን ምንም አትጻፊ። አልጠይቅሽም፣ መቼም አላነሣብሽም፤ የራስሽን ይዘሽ ነዪ። ባዶ እጅሽንም ከሆነ ነዪ። በሩ አጠገብ ያለው አግዳሚ ለሁለት ይበቃል።

ይህን የሚያደርስልሽ ባለጋሪ ረቡዕ ከቦስተን ይመለሳል። በሩ ላይ ቆሜ እጠብቀዋለሁ። ባዶ እጁን ቢመጣ የማዝን ይመስልሽ ይሆናል። ማዘኔን እንጃ፤ ብቻዬን አለመሆኔን ባውቅ ደስ የሚለኝ ይመስለኛል፤ ደስ ማለቴ ደግሞ ኀጢአት እንደሆነ እፈራለሁ። ይህንንም አላውቅም።

ከባሕሩ ያወጣሽ ጌታ በመንገዱም ይጠብቅሽ። ጉልበትሽን ያጽና፣ ሳልሽን ያርቅ፣ በቤታችን እርጅናሽን ያለምልም። የመረጠን ከሆነ ሁለታችንንም ይምረጠን፤ አንዳችንን ትቶ አንዳችንን አይውሰድ።

ታናሽ እህትሽ

ሳልረሳ፦ ቦስተን ከሆንሽ አይቀር ለሕፃን መጠቅለያ የሚሆን ለስላሳ ጨርቅ ካገኘሽ አምጪልኝ። የኤልናታን ሁሉ ተበጣጥሶ አልቋል። ለማን ነው አትበይኝ፤ ለዖቤድ ገና አልነገርኩትም፣ ወሩም ገና ሦስት ነው። ቀለም ያለውን አትምረጪ፤ ይሄኛው ወደ መጥመቂያው ስለማይቀርብ፣ ለቤት የሚሆን ተራ ነገር ይበቃዋል።